ሁለት እግር ያላት መርፌ

ሰኞ

የዓለም መርፌ ሠሪዎች በምስጢር ተሰብስበው የመርፌን ቀዳዳ ለማጥበብ መወሰናቸውን ዛሬ በገዛ እጄ አረጋገጥኩ። ክሩን በምራቄ አሾልኩት፣ ጫፉን በጥርሴ ቆረጥኩት፣ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፣ ወደ አምፖሉ ዞርኩ፤ ክሩ ግን መርፌዋን እንደተኳረፈ ጎረቤት በጎን በጎኗ አለፋት። በመጨረሻ ትልቋ ልጄ ከሒሳብ ደብተሯ ቀና ብላ መርፌውን ነጠቀችኝና በአንድ ትንፋሽ አስገባችው።

«እማዬ፣ ለምን መነጽር አት...»

«ለምን ሒሳብሽን አትጨርሺም?»

በዚህ ቤት መነጽር የሚያደርግ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አማቴ። በልቤ «ዋና ኦዲተር» ነው የምላቸው። እኛ ዘንድ መኖር ከጀመሩ ወዲህ ከጨው ዕቃው አንስቶ እስከ ልጃቸው ካልሲ ድረስ ያልተመረመረ ነገር የለም። መነጽራቸው የጠርሙስ ቂጥ ነው፤ ዓይናቸው ከጀርባው አብጦ ሲያፈጥ ሰው ያልሠራውን ኃጢአት ይናዘዛል። ይህን ቀልድ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ እሳቸው ባሉበትም፣ ተናግሬዋለሁ። እየሳቁ ያዳምጡኛል። እንግዲህ እኔ ዛሬ ተነሥቼ መነጽር ባደርግ ምን ሊባል ነው?

ስለዚህ ጥፋቱ የአምፖሉ ነው። ባሌ ነገ ደመቅ ያለ ያመጣል።

ማክሰኞ

አምፖሉ መጣ። ቤተሰቡ በሙሉ «አቤት ብርሃን!» ብሎ ዓይኑን በእጁ ከለለ። እኔ ምንም አልታየኝም። ዛሬ ዛሬ አምፖሉም ወሬ ብቻ ሆኗል።

ሐሙስ

ስለ ፋብሪካዬ አንድ ነገር ተጽፎ ይቀመጥ። ፋብሪካዬ የምግብ ጠረጴዛው ነው። ጠዋት ልጆቹ ቁርስ በልተው ሲነሡ ፍርፋሪው ይጠረግና የስፌት መኪናዬ ትወጣለች፤ ማታ እራት ሲቀርብ መኪናዬ ትወርዳለች። በመሀሉ ቦርሳ፣ የትራስ ልብስ፣ የስጦታ ከረጢት ይሰፋል። አንዳንዴ ገበር ውስጥ የዳቦ ቅርፊት ተሰፍቶ ይሄዳል። እስካሁን ማንም አላማረረም።

በዚህ ሰሞን ሁለት ትልልቅ ሥራዎች አሉብኝ። አንደኛው መንታ ልጆቼ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ወላጆች ለአስተማሪዎቹ ያዘዙት የእጅ ቦርሳ ነው። ሁለተኛው ከባድ ነው። በዚህ ሰፈር ያለውን ሕፃን ሁሉ የተቀበለችው አዋላጅ፣ መንታዎቼን ጭምር፣ ከስንት ዓመት ጥበቃ በኋላ ራሷ ልትወልድ ነው። የሰፈሩ እናቶች ተመካክረን የልጅ ብርድ ልብስ ልንሰጣት ወሰንን። እያንዳንዷ እናት በአዋላጇ እጅ ከተወለደ ልጇ ልብስ ቁራጭ ታመጣለች፤ እኔ ቁርጥራጩን ገጣጥሜ፣ መሀሉ ጥጥ ከትቼ፣ ጠርዙን ዘግቼ እሰፋለሁ። ሐሳቡ የእኔ ነው። እናቶቹ አጨበጨቡልኝ። ጭብጨባ ጠላት ነው፤ ከዚያ በኋላ አልችልም ማለት አይቻልም።

ቅዳሜ

በቦርሳው ጉዳይ ችግር ተፈጠረ። ግማሹን በጥቁር ክር፣ ግማሹን በሰማያዊ ክር ሰፍቼዋለሁ ተባለ። ያለው ባሌ ነው። ራዲዮ ጠጋኝ ነው፤ ቀይ ሽቦና አረንጓዴ ሽቦ መለየት እንጀራው ስለሆነ ራሱን የቀለም ሊቅ አድርጎ ሾሟል።

«ሁለቱም ጥቁር ነው» አልኩት።

«አንቺ፣ ይሄ ሰማያዊ ነው።»

«ጥቁር ሰማያዊ። ጥቁር የሚለው ቃል አለበት።»

ዋና ኦዲተሯ ቦርሳውን አንሥተው ወደ መነጽራቸው አስጠጉት። ይናገራሉ ብዬ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ። መልሰው አስቀመጡት፤ «ጎበዝ፣ ጠንካራ ስፌት ነው» አሉ። አማት ስታመሰግን መጠርጠር ነው።

ሰኞ

መንታዎቹ ጉንፋን። ቦርሳ። ጉንፋን። ቦርሳ። አንደኛው በተሰፋው ገበር አፍንጫውን ጠረገ። አጠብኩ። ዚፑን ገልብጬ ሰፋሁት። ፈታሁት። መልሼ ገልብጬ ሰፋሁት። አዲስ ሞድ ነው ብዬ ለትልቋ ነገርኳት። «እሺ» አለችኝ፤ ያ «እሺ» ደስ አላለኝም።

ረቡዕ ማታ

ዛሬ ሳላስበው ወሬ ሰማሁ። ቆሜ አላዳመጥኩም፤ ኩሽና ውስጥ ነበርኩ፣ እነሱ ናቸው ጮክ ብለው ያንሾካሾኩት።

«አንተ ንገራት» ይላሉ ዋና ኦዲተሯ። «ሚስትህ ናት።»

«እኔማ ብነግራት ታባርረኛለች። አንቺን ታከብርሻለች፣ እማዬ።»

«ታከብረኛለች! አዬ ልጄ! በመነጽሬ ስንት እንግዳ አስቃለች መሰለህ?»

ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። ስለ ድካሜ ነው የሚያወሩት። ደግ ሰዎች ናቸው፤ እንዳርፍ ይፈልጋሉ። ግን ብርድ ልብሱ ማለቅ አለበት፤ የአዋላጇ ሆድ ቀን አይጠብቅም።

ሌላም ነገር አለ። ጠዋት ጠዋት መርፌዎቼ ሁሉ ክር ተሰክቶባቸው አገኛቸዋለሁ፤ ነጩ፣ ጥቁሩ፣ ቀዩ፣ በተራ በተራ። ማታ ሰክቼ እያደርኩ ረስቼው ይሆናል። ትጉህ ሰው ሥራውን አያስታውስም።

ዓርብ

የምጽፈው በችኮላ ነው።

በዚህ ቤት የጸና አንድ አዋጅ አለ፤ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ መንታዎቹ መዳህ በጀመሩ ጊዜ። መርፌ ሲሰበር ማንም በወለሉ ላይ አይራመድም። እግር ያለው ሁሉ ወንበር ላይ ይወጣል፤ ስባሪው ተለቅሞ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮዬ ውስጥ እስኪገባ ድረስ አይወርድም። ስባሪ መርፌ ምሕረት የለውም። እግር ውስጥ ይገባል፣ ፍራሽ ውስጥ ይገባል፣ ጨርቅ ውስጥ ተደብቆ ቀኑን ይጠብቃል።

ዛሬ ጠዋት የብርድ ልብሱን የመጨረሻ ጠርዝ ስሰፋ፣ ጥጡና ጨርቁ በተደራረበበት ወፍራም ጥግ ላይ፣ የመኪናዋ መርፌ ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

«ወንበር!» ብዬ ጮህኩ።

ወጡ። ባሌ የሥራ ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ፣ መንታዎቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ትልቋ የፈተና እርሳሷን ጥርሷ ውስጥ ነክሳ። ዋና ኦዲተሯም ምርኩዛቸውን ጨብጠው እንደ ሐውልት ቆሙ። የመርፌው ላይኛ ግማሽ መኪናዋ ላይ ቀርቷል። ጫፉ የለም። ተንበረከክሁ። ወለሉን በመዳፌ ዳበስኩ። ወለሉ ግራጫ ነው፣ መርፌውም ግራጫ ነው፣ ማለዳውም ግራጫ ነበር።

«እማዬ፣ ፈተናዬ ሊጀመር ነው!»

«እኔ ልውረድና ልፈልግልሽ?» አለ ባሌ።

«ማንም እንዳይነቃነቅ!»

«ልጄ፣ ጨርቁ ውስጥስ አይተሻል?» አሉ ዋና ኦዲተሯ ከሐውልታቸው ላይ።

«አይቻለሁ፣ እማማ!»

ከመንታዎቹ አንዱ ሽንቴ መጣ ብሎ ማልቀስ ጀመረ። በዚያች ቅጽበት ጠረጴዛው እግር ሥር አንዲት ነገር በጣቴ ነካሁ። ቀጭን ናት። ቀዝቃዛ ናት። ብልጭ ብላለች።

«ተገኘች!»

ሁሉም ወረደ። ሁሉም ሮጠ። ቆርቆሮዬ ውስጥ ጣልኳት፤ ቅጭል ብላ ወደቀች። ተገኘች ማለት ተገኘች ማለት ነው።

ቅዳሜ

ሌሊቱን አዋላጇ ወለደች። ሴት ልጅ። እናቶቹ ጠዋት መጥተው ብርድ ልብሱን ወሰዱ። ጎረቤቴ ልብስ አጣቢዋ የልጇን ቢጫ ቁራጭ አግኝታ አለቀሰች። ሁሉም «እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። እጄ ይባረክ። አዎ፤ በእጄ ነው የሠራሁት።

ማክሰኞ

ዛሬ ከሰዓት ዋና ኦዲተሯ የኦዲት ጊዜያቸው ነበር። የሻይ ቅጠል ቆርቆሮዬን ከፍተው አገላበጡ። ምን እንደሚፈልጉ አልጠየቅኋቸውም። አንዲት ነገር በሁለት ጣታቸው አንሥተው ወደ መስኮቱ ያዟት።

«ልጄ» አሉ።

«አቤት እማማ።»

«ዓርብ ያገኘሻት መርፌ ሁለት እግር አላት እንዴ?»

ተቀብያቸው ዳበስኳት። ሁለት እግር አላት። መንታዎቹ የቤት ሥራቸውን የሚያያይዙባት የስቴፕለር ሽቦ ናት።

«ታዲያ ዋናዋን ወለሉ ላይ ጠርጌያት ይሆናል» አልኩ።

«ይሆናል።» አላፈጠጡብኝም። መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ጠረጉት፣ ጠረጉት።

ጠርጌያታለሁ። ቅዳሜ ጠርጌያለሁ። እሑድም ጠርጌያለሁ። ወለሉ ላይ የነበረ ነገር ሁሉ ተጠርጓል።

ረቡዕ

አራስ ልጠይቅ ሄድኩ። ሰው ይሄዳል።

ሕፃኗ ብርድ ልብሱ ላይ ተኝታለች። ቤቱ በሴቶች ተሞልቷል። ብርድ ልብሱን እኔ በተቀመጥኩበት በኩል ጫፍ ጫፉን ዳበስኩ። ልብስ አጣቢዋ «ሥራዋን ስትወድ እዩዋት፣ እንደ ልጅ ትደባብሰዋለች!» ብላ አሳቀችብኝ። ከሁሉም በላይ እኔ ሳቅሁ። ሕፃኗ የተኛችበትን መሀሉን መዳበስ አልቻልኩም።

«አንዲት ክር ላስተካክልልሽና ነገ ልመልሰው?» አልኳት አዋላጇን።

«ኧረ ተይው የኔ እህት፣ እንዲሁ ያምራል። አንቺ ደግሞ ለሥራሽ ጉድለት መፈለግ አይሰለችሽም!»

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ሻይ ሰጡኝ። ጠጣሁት።

ሐሙስ

ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ይላሉ። እኔ ገርፌ ዝም ያልኩ ጅራፍ ነኝ። ዛሬ አንድም ነገር አልሰፋሁም። መንታዎቹ ተደባደቡ፣ አልገላገልኳቸውም። ወጡ ጨው በዛበት፣ ሁሉም ዝም ብሎ በላ።

ጠርጌያታለሁ።

ዓርብ

ጠዋት ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ልብስ አጣቢዋን አገኘኋት።

«አራሷ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት፤ ልጅቷ ግን አስቸግራለች። እቅፍ ላይ ዝም ትላለች፣ ብርድ ልብሱ ላይ ሲያስተኟት ትጮኻለች። መቼም ልጅ እንዲህ ነው፣ እቅፍ ለምዳ ነው።»

እቅፍ ለምዳ ነው። ሦስት ልጅ አሳድጌያለሁ፣ ሁሉም ሲያስተኟቸው ጮኸዋል። ይህን አውቃለሁ። አውቃለሁ እያልኩ ዳቦውን ሳልይዝ ከሰልፉ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ዋና ኦዲተሯ በሩ ላይ ቆመዋል።

«እማማ» አልኩ። «ጨርቁ ውስጥ አላየሁም። አይቻለሁ ብዬ ዋሸሁ። ብፈልግ ኖሮም አይታየኝም ነበር። ከረመ፣ እማማ፤ አይታየኝም።»

ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ጫማ አደረጉ፣ ምርኩዛቸውን አነሡ። «ቅደሚ» አሉ። እግራቸው የታመመ ሰው እንደዚያ ሲራመድ አይቼ አላውቅም።

አዋላጇ ቤት ሴቶቹ እንደተሰበሰቡ ነበሩ። ብቻዋን ላገኛት ፈልጌ ነበር፤ ሕፃኗ ግን በዚያች ሰዓት ብርድ ልብሱ ላይ ነበረች።

«አንሺያት» አልኩ። «ልጅቷን አንሺያት። ስባሪ መርፌ ውስጡ ሊኖር ይችላል።»

አዋላጇ አልጮኸችም። ልጇን አንሥታ ጉልበቷ ላይ አስተኛቻት፣ ልብሷን አወለቀችላት፣ ከራስ ቅሏ እስከ ተረከዟ፣ በየእጥፋቱ፣ በብብቷ፣ በጣቶቿ መሀል፣ እጇ ሳይንቀጠቀጥ መረመረቻት። ያ እጅ መንታዎቼን የተቀበለ እጅ ነው። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ልጅቷ በብርድ ጮኸች።

«ምንም የለባትም» አለች አዋላጇ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «መቼ አወቅሽ?»

«ማክሰኞ።»

«ረቡዕ እዚህ ሻይ ጠጥተሻል።»

«አዎ።»

ብትሰድበኝ ይሻል ነበር። ልብስ አጣቢዋ በእሷ ፋንታ ጀመረች፤ «የኔንም ልጅ ቁራጭ እዚያ ውስጥ...» ስትል ዋና ኦዲተሯ ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ ጠቅ አደረጉ። «ስድቡ ይቆይ። መቀስ አምጡ።»

ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና በሰው ሁሉ ፊት አፍንጫዬ ላይ ሰኩት። «ስፌቱን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ፍቺው። የኔን ቀልድ ቤት ስንደርስ እነግርሻለሁ።»

ዓለም መጣች። የክሩ ፈትል አንድ በአንድ ታየኝ። ስፌቴም ታየኝ፤ እንደ ሰካራም ወዲያ ወዲህ ይላል። እንዲህ እየሰፋሁ ነው እጅሽ ይባረክ ስባል የከረምኩት። ጠርዙን ፈታሁ፣ ጥጡን በጣቴ በተንኩ። የአንዱ ልጅ ሸሚዝ፣ የሌላው ፒጃማ፣ የልብስ አጣቢዋ ቢጫ ቁራጭ እየተነቀለ ጉልበቴ ላይ ተከመረ። መሀሉ ባዶ። ላይኛው ጠርዝ ባዶ። አንደኛው ጥግ ባዶ።

ሌላው ጥግ ላይ ነበረች። ጥጡ ውስጥ ጋደም ብላ፣ ጫፏ ብቻ ጨርቁን በስቶ ወደ ላይ ወጥቷል። ከሩዝ ፍሬ አትበልጥም።

አዋላጇ መዳፏ ላይ አድርጋ አየቻት። መሐረብ ውስጥ ጠቅልላ ኪሷ ከተተቻት፤ ለእኔ አልሰጠችኝም።

«ጨርቁን ውሰጂው» አለች።

«ልሥራው?»

«አላውቅም። አሁን ሂጂልኝ።»

ቅዳሜ

ትናንት ያልተጻፈ አንድ ነገር። ቤት ስንገባ መነጽሩን ሳልመልስ ያላለቁትን ቦርሳዎች አንሥቼ አየሁ። የእኔ ጠማማ ስፌት አለ፤ ከጎኑ ግን ሌላ ስፌት አለ፣ ደቃቅ፣ በእጅ የተሰፋ፣ ቋጠሮው ወደ ውስጥ የተደበቀ። ሰማያዊውም ክር በየቦታው በጥቁር ተተክቷል።

«እማማ፣ እርስዎ ነዎት?»

«አንቺ ስትተኚ ጥቂት ጥቂት። ክሩን የምትሰካልሽ ትልቋ ናት።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ትሰሚኝ ነበር?»

እውነቱን መለስኩላቸው። «ለእንግዳ እቀልድብዎት ነበር።»

«እንግዲህ! ብርድ ልብሱን ግን ለእኔ አላሳየሽኝም። እሱ የክብር ሥራሽ ነበራ።» ቦርሳውን ከእጄ ወሰዱት። «እኔም ዝም ማለቴ ደግነት መስሎኝ ነበር፣ ልጄ። ወንበሩ ላይ ቆሜ እንደማታዪ እያወቅሁ ዝም አልኩ። ያቺ ልጅ አንድ ነገር ብትሆን ዝምታዬን የት አደርገው ነበር?»

ሁለታችንም እራት አልበላንም።

ረቡዕ

ዓይን ሐኪም ዘንድ። ከፊቴ የነበሩት አዛውንት ፊደሎቹን ጮክ ብለው አነበቡ፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሸመደድኩ። ገብቼ ግድግዳውን ሳላይ ሁሉንም በቅደም ተከተል በቃሌ ወጣሁት።

«ጎበዝ» አለ ሐኪሙ። «እኔ ግን ሰሌዳውን ቀይሬዋለሁ።»

ባሌ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። እነሆ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ እንኳ ያደረግኩት ይህን ነው። ሐኪሙ በመብራት አየኝ። ለሁለቱም ዓይኔ መነጽር፤ ግራው ላይ ግን የሞራ ጭጋግ ጀምሯል፣ ዝናቡ ሲያባራ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። «ቀደም ብለሽ ብትመጪ...» አለ። ሁሉም ሰው ያችን ዓረፍተ ነገር ይጀምርልኛል፤ እኔ እጨርሳታለሁ።

ሰኞ

መነጽሬ መጣ። የቤቴ ወለል ግራጫ አይደለም፤ ቆሻሻ ነበር። ባሌ ሸብቷል። ከመንታዎቹ አንዱ ጉንጩ ላይ ጠቃጠቆ አለው፤ ከመቼ ጀምሮ?

ብርድ ልብሱን እንደገና ጀመርኩ። ልሥራ ብዬ ማንንም አላስፈቀድኩም፤ ትቀበለኝ አትቀበለኝ አላውቅም። እያንዳንዷን እናት ቤቷ ሄጄ የሆነውን በራሴ አፍ ነገርኳት። ሁለቱ የልጃቸውን ቁራጭ መልሰው ወሰዱ። ልብስ አጣቢዋ የምትችለውን ሁሉ ሰድባኝ ስታበቃ ቢጫውን ተወችልኝ። አሁን እኔ አንድ ጠርዝ እሰፋለሁ፣ እማማ ይመረምራሉ፣ ያፈርሳሉ፣ እሰፋለሁ። ዋና ኦዲተር የሚለውን ስም ትናንት ነገርኳቸው። ደመወዙ ስንት ነው አሉ።

እሑድ

ወሰድኩላት። ብቻዬን ሄድኩ።

አዋላጇ በር ከፈተች። ተቀመጪ አላለችኝም። ሕፃኗን ለባሏ አቀበለችና ብርድ ልብሱን አልጋው ላይ ዘረጋችው። ከዚያ በመዳፏ ጀመረች፤ የነፍሰ ጡር ሆድ በምትመረምርበት መዳፍ፣ ቀስ ብላ፣ ገፋ እያደረገች፣ ስፌት ስፌቱን እየተከተለች። ገለበጠችው። በጀርባው ደገመች። ባሏ እኔን ላለማየት ጣሪያውን ያያል። ከወር በፊት እንዲህ ያለ ደንበኛ ቢገጥመኝ ሥራዬን ጠቅልዬ፣ በሩን ድርግም አድርጌ፣ ለሰፈሩ ሁሉ አዋላጇ ዓይኗ ነው ወይስ ልቧ ነው የታመመው ብዬ እቀልድባት ነበር። ዛሬ እጆቼን አጣምሬ ቆምኩ፤ መዳፏን በመነጽሬ እየተከተልኩ።

ቀና አለች። «ጨረስኩ።»

«የታችኛውን ግራ ጥግ ዘለልሽው» አልኳት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየችኝ። ተመልሳ ጥጉን ዳበሰችው፣ በጣቶቿ መሀል ጨመቀችው። ልጅቷን ያስተኛቻት ከዚያ በኋላ ነው።